«ማን ይተካው ይሆን?»

አንድ ታላቅ ሰው ባረፈ ሰሞን ከአንደበታችን የማይጠፉ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው በቀብሩ ዕለት ይነገራል፤ «የማይተካ ሰው አጣን» የሚል። ሁለተኛው አርባው ሳይወጣ ይከተላል፤ «ለመሆኑ ማን ይተካው ይሆን?» የሚል። ሁለቱ አባባሎች እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ ልብ የሚል የለም። ሰውዬው የማይተካ ከሆነ ፍለጋው ለምን? ተተኪ የሚገኝለት ከሆነም የመጀመሪያውን ያልነው ለይሉኝታ ነበር ማለት ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1998 ዓ.ም. ሲያርፍ እንዲህ ተባለ። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍም ተደገመ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርና አፈወርቅ ተክሌ በአንድ ዓመት፣ በ2004 ዓ.ም.፣ ተከታትለው ሲሄዱብን ጥያቄው እጥፍ ሆነ።

ይህን የማነሣው በሙታኑ ለመቀለድ አይደለም። ጥያቄው በሕያዋኑ ላይ የሚሠራው በደል ስላለ ነው። አንድ ወጣት መድረክ ላይ ወጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ግጥም ሲያነብብ «አዲሱ ጸጋዬ» ይባላል። ሌላው ስለ ፒያሳ ሌሊት ሲጽፍ «የስብሐት ተተኪ» ይሆናል። ጉሮሮው የሰፋ ዘፋኝ ሲገኝ «ጥላሁን ተመለሰ» ይባልለታል። ሲያዩት ሙገሳ ይመስላል። ነገር ግን ወጣቱን ከገዛ ስሙ አስወጥቶ በሌላ ሰው ቤት ደባል የሚያደርግ ሙገሳ ነው። ዓመት ሳይሞላ ያው ያሞገሰው አፍ ተመልሶ «እንደ ጸጋዬ ሊሆን አልቻለም እኮ!» ይለዋል። ልጁ እንደ ጸጋዬ እሆናለሁ ብሎ የፈረመው ውል አልነበረም። ውሉን የፈረምንለት እኛ፣ ያፈረሰው ግን እሱ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ «ተተኪ አለን ወይስ የለንም?» ከማለታችን በፊት ተተኪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መነጋገር ያለብን ይመስለኛል።

ቋንቋችን በዚህ ረገድ ድሃ አይደለም። ወራሽ አለ፤ ተከታይ አለ፤ አስመሳይ አለ፤ ምትክ አለ። ወራሽ ለመሆን መወለድ ይበቃል። ተከታይ ለመሆን ከኋላ መሄድ ይበቃል። አስመሳይ ለመሆን ጥሩ ዓይንና ጥሩ ጆሮ ይበቃል። ምትክ መሆን ደግሞ የባሰ ነገር ነው። በየሰፈራችን ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካልኝ፣ ካሣ፣ ካሣሁን የሚባሉ ሰዎች ሞልተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከእነሱ በፊት የተወለደ ልጅ ወይም ሌላ የቅርብ ዘመድ ሞቶ፣ እነሱ የሐዘኑ ካሣ ሆነው የመጡ ናቸው። ስሙ የወላጅ መጽናኛ ነው። ለልጁ ግን አንድም ቀን ያላየውን ሰው ፊት ተሸክሞ መኖር ነው። ደግነቱ እናት ልጇን ስታሳድግ የስሙን ትርጉም እየረሳችው ትሄዳለች፤ «ምትኩ!» ብላ ስትጣራ የሚታያት ራሱ ምትኩ እንጂ የሞተው አይሆንም። የሥነ ጽሑፋችን ነገር ከእናቲቱም የከፋ ነው። እኛ የስሙን ትርጉም አንረሳም። ለሚመጣው ጸሐፊ ሁሉ «ምትኩ» የሚል ስም አውጥተን፣ ዕድሜ ልኩን ሟቹን እንዲመልስልን እንጠብቀዋለን።

* * *

ተተኪነትን በሌላ መንገድ የሚያይ አገር አውቃለሁ። ሩቅ አይደለም። እኔ ያደግሁባት መካነ ኢየሱስ የእስቴ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደብረ ታቦር በስተደቡብ ትገኛለች። ከወደ ምሥራቅ ስማዳና ጋይንት አሉ። ይህ ሁሉ አገር የአብነት ትምህርት አገር ነው። በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ እዚያው ጋይንት ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። ከጋይንት ማዶ፣ ወሎ ውስጥ፣ በቅኔዋ የታወቀችው ዋድላ አለች። በልጅነቴ ለምድ የለበሱ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠሉ ተማሪዎች በደጃችን ሲያልፉ ባልቴቶቹ ቁራሹን ከመስጠታቸው በፊት አንድ ነገር ይጠይቋቸው ነበር፤ «የማን ተማሪ ነህ?» ይሏቸዋል። «የማን ልጅ ነህ?» ወይም «ማንን ትመስላለህ?» አይሉም። ተማሪው የመምህሩን ስም ይናገራል፤ መምህሩ በአገሩ የታወቁ ከሆኑ ባልቴቷ ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ በኋላ ቁራሹ ይመጣል።

ማስመስከሪያ የሚለውን ቃል እንመልከተው። የድጓ ተማሪ ከጎጃም ይምጣ ከትግራይ፣ ከሸዋ ይምጣ ከወሎ፣ በአገሩ ከመምህሩ እግር ሥር ብዙ ዓመት ተምሮ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ቤተ ልሔም ወርዶ ካላስመሰከረ ሙሉ የድጓ መምህር ሆኖ አይቈጠርም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአፍ የሚተላለፍ ዜማ በየአገሩ ይንሸራተታል። አንዱ መምህር ጉሮሮው የወደደውን ይጨምራል፤ ሌላው የከበደውን ይተዋል። ስለዚህ ዜማው የሚመዘንበት አንድ ሚዛን ያስፈልጋል። ተማሪው በልማዱ የራሱን ድጓ በእጁ ይጽፋል፤ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ከቃሉ በላይ የሚሰፍረውን የዜማ ምልክት ጭምር። ከመምህሩ ጋር ያስተያያል፤ ያርማል፤ እንደገና ያዜማል። አበቃ ሲባል ሄዶ በራሱ አገር ወንበር ይዘረጋል።

ልብ በሉ፤ ቃሉ «መፈተን» አይደለም፤ «ማስመስከር» ነው። ፈተና ያለፈ ሰው ለራሱ አለፈ። ያስመሰከረ ሰው ግን እሱም በተራው ምስክር ሆነ። አንድ ነገር ሳይጎድል እጁ እንደ ገባ ተመስክሮለታል፤ ሳይጎድል እንዲያስረክብም ዕዳ ገብቷል። እዚህ ላይ ተተኪነት ሹመት መሆኑ ይቀርና አደራ ይሆናል። መምህሩን በመልክ መምሰል፣ እንደ መምህሩ ማሳል፣ እንደ መምህሩ መጠምጠም ለማስመስከር አይረዳም። የሚጠየቀው «ምን ይዘሃል?» ተብሎ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በዚህ ትምህርት ተተኪው የሚፈለገው ከቀብር በኋላ አይደለም። በቅኔ ቤት ከፍ ያለው ተማሪ «አስነጋሪ» ሆኖ ታናናሾቹን ያርማል። መምህሩ በሕይወት እያሉ፣ ዓይናቸው እያየ፣ ጆሯቸው እየሰማ፣ ተተኪው ማስተማር ጀምሯል። ስለዚህ መምህሩ ሲያርፉ ለቅሶው ለቅሶ ነው እንጂ ድንጋጤ አይጨመርበትም። እኛ ከተሜዎቹ ግን ሰውዬው በሕይወት ሳለ «ማንን እያስተማርክ ነው?» ብለን አንጠይቀውም። ስንቀብረው «ማን ይተካዋል?» እንላለን።

* * *

አንባቢ እዚህ ላይ እንዲህ ብሎ ሊሞግተኝ ይችላል፤ «ድጓ ሳይለወጥ መተላለፍ ያለበት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። ልብ ወለድና ግጥም ግን አዲስ ነገር መፍጠር ነው። በማስመስከሪያ የሚኖር ኪነ ጥበብ ራሱን ሲደግም ይሞታል።» ትክክለኛ ሙግት ነው። መልሱም ከዚያው አገር ይገኛል፤ ከድጓ ቤት ሳይሆን ከቅኔ ቤት።

የቅኔ ተማሪ የሚኖርበት ሕግ የድጓው ተቃራኒ ነው። ድጓ ቤት ትናንት የተባለውን ዛሬ ያለ ለውጥ ማለት ግዴታ ነው፤ ቅኔ ቤት ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። ተማሪው ሌሊቱን ሲቈጥር አድሮ ጠዋት አዲስ ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። የሌላ ሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ እንደ ሆነ ዕፍረቱን የሚሸፍንበት ለምድ አያገኝም። መንገዱ ግን፣ ልኩና ቤቱ፣ ሰሙና ወርቁ፣ ከመምህሩ የተቀበለው ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ በስማቸው የሚጠሩ የቅኔ መንገዶች ያሏቸውም በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ በአንድ ትምህርት ውስጥ ሁለት ዓይነት ተተኪነት አለ። አንዱ የተቀበለውን ሳያጎድል ማስረከብ ነው። ሁለተኛው በተቀበለው መንገድ ሄዶ ማንም ያልደረሰበት መድረስ ነው። አንድ ሊቅ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ተምሮ ነው ሊቅ የሚባለው። እኛ «ተተኪ» ስንል ሁለቱንም አንጠይቅም። የምንጠይቀው መምሰልን ነው፤ መምሰል ደግሞ ከድጓም ከቅኔም ቤት የለም።

ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ምሳሌ ልጨምር። ቅዱስ ያሬድ የስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነው። የዜማው ምልክቶች የተሠሩት ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። በመካከሉ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ አለ። ሁለቱ አዛዦች ሌላ ያሬድ ለመሆን አልሞከሩም። የግራኝ ጦርነት ያነደደው አገር ዜማውን ከነባለቤቱ ሊያጣው እንደሚችል በዓይናቸው ባዩበት ዘመን፣ ዜማው በሰው ትዝታ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ምልክት አበጁለት። ከሺህ ዓመት በኋላም ተተኪ መሆን ይቻላል ማለት ነው። የሚያስፈልገው የቀደመው ሰው ሥራ ዛሬ ምን ጎደለው ብሎ ማየት ነው።

* * *

አሁን ወደ ደብረ ታቦር እንውጣ፤ አለቃ ገብረ ሐናን ይዘን። ከተሜው አለቃን የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። ጥቂቱ የእሳቸው፣ ብዙው ሌላ ሰው ፈጥሮ በስማቸው ያወራው ነው። ፎገራ ተወልደው በጎንደር በዓታ ያስተማሩት አለቃ የአቋቋም ሊቅ መሆናቸውን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። አካልን ከመቋሚያው ጋር የሚያወዛውዘውን ዝማሜ የደረሱት እሳቸው ናቸው ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት እንግዳ ነገር ነው ብለው አልቀበልም እንዳሏቸው፣ አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ እንዳስተማሩትና በደብረ ታቦር እንደ ተስፋፋ ባለታሪኮቹ ያወሳሉ። ዛሬ ያ አቋቋም «የገብረ ሐና» አይባልም። «የተክሌ» ይባላል።

ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እሳቸው ያልቀለዱትን ቀልድ በአለቃ ስም እንጠራለን፤ እሳቸው የደረሱትን ዝማሜ ግን በልጃቸው ስም። ሲታይ ግፍ ይመስላል። ነገር ግን ከቀልዱና ከዝማሜው በእውነት ተተኪ ያገኘው የትኛው ነው? ቀልዱ ስም ወርሷል፤ ባለቤት ግን የለውም፤ ማንም እንዳሻው ይጨምርበታል፤ የሚያርመው መምህር የለውም። ዝማሜው ስሙን አጥቷል፤ ነገር ግን መምህር አለው፤ ተማሪ አለው፤ ሲሳሳቱ «እንዲህ አይደለም» የሚል አለው። ተክሌ የአባቱን ስም አላስጠራም፤ የአባቱን ሥራ ግን አኖረ። አባትየው በመንበራቸው ያላሳመኑትን፣ ልጅየው በትከሻውና በመቋሚያው አሳመነ። ስም መውረስና ሥራ መተካት እንዲህ ይለያያሉ።

ሌላ አባትና ልጅ ደግሞ አሉ፤ አለቃ ለማ ኃይሉና መንግሥቱ ለማ። አባት የቅኔ መምህር ናቸው። ልጅ ለንደን ድረስ ሄዶ የተማረ፣ «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን ያህል ሳቅ ለመድረካችን ያበረከተ ጸሐፌ ተውኔት ነው። በዘር ሒሳብ ካሰብን መንግሥቱ የአባቱን ወንበር አልተካም፤ ቅኔ ቤት አልዘረጋም። ይሁን እንጂ በ1959 ዓ.ም. የታተመውን «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ» ከፍታችሁ አንብቡ። አባት በእርጅናቸው የነገሩትን፣ የተማሪነት ዘመናቸውን፣ መምህሮቻቸውን፣ የአገሩን ወሬ፣ ልጅ አዳምጦ ጽፎታል። የዚያ መጽሐፍ ትልቅነት ልጅየው በአባቱ አፍ ውስጥ አለመግባቱ ነው። ዘመናዊ ትምህርት የቀሰመ ሰው የሽማግሌን ንግግር ሲጽፍ ማስተካከል፣ ማሳመር፣ ማሳጠር ያምረዋል። መንግሥቱ የአባቱን ንግግር ከነለዛው ተወው። ሲያነቡት አለቃ ለማ ከፊት ለፊት የተቀመጡ ያህል ይሰማል። ይህ የድጓ ቤት ታማኝነት ነው። ከዚያ ደግሞ ተውኔቶቹን አንብቡ፤ አባቱ ያልሠሩት ሥራ ነው፤ ነገር ግን ቃል ላይ መጫወት፣ አንዱን ቃል በሁለት በኩል ማስቈረጥ፣ የተማረ ነኝ ባዩን በገዛ ንግግሩ ማሳጣት ከቅኔ ቤት የመጣ ጆሮ ነው። መንግሥቱ ወንበሩን ትቶ ጆሮውን ወሰደ። የአባቱ ተተኪ አይደለም የሚል ካለ፣ ተተኪ የሚለው ቃል ምን ሊሆን እንደሚፈልግ እሱ ያስረዳን።

እዚህ ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳላነሣ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። በ1958 ዓ.ም. የወጣውን ይህን መጽሐፍ እንደ ፍቅር ታሪክ አንብበነዋል፤ እንደ ሥርዓት መዝለፊያም አንብበነዋል። ተተኪ ስለ ማጣት የተጻፈ መጽሐፍ አድርጎ ማንበብም ይቻላል። ፊታውራሪ መሸሻ ለአንዲት ልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ዘር ሲመርጡ፣ ሲያማርጡ፣ ሲመልሱ ይኖራሉ። ቤታቸው ንጹሕ ሆኖ እንዲተካ የሚጨነቁትን ያህል ቤታቸው ይዘጋል። በዛብህ ያስተማረው፣ ጉዱ ካሣ የመከረው ሁሉ ለነገ የሚሆን ትምህርት ነበር፤ ነገር ግን የሚቀበለው ወንበር የለም። በመጨረሻ ሦስቱ፣ በዛብህ፣ ሰብለና ጉዱ ካሣ፣ መቃብር ይጋራሉ። ልጅም፣ ተማሪም፣ ደቀ መዝሙርም አልተረፈም። ሐዲስ ዓለማየሁ ባለ ራእዩን ሰው «ካሣ» ያሉት በአጋጣሚ ይሁን በማወቅ፣ ስሙ ግን ይናገራል። ለአገሩ ጉዳት የመጣው ካሣ «ጉድ» ተብሎ ተመለሰ።

የሚገርመው ግን ከመጽሐፉ ውጭ የሆነው ነው። ሐዲስ ከዚያ በኋላ «ወንጀለኛው ዳኛ»ን በ1974፣ «የልም እዣት»ን በ1980 ዓ.ም. አሳተሙ። አንባቢው ሁለቱንም አገላብጦ የፈለገው ሌላ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። እኛ እኮ ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸውን እንኳ የሐዲስ ዓለማየሁ ተተኪ እንዲሆኑ አልፈቀድንላቸውም! እሳቸው ያልቻሉትን ከአንድ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ እንጠብቃለን።

* * *

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ የተሰጥኦ አይደለም። ማስመስከሪያ የለንም።

አንድ ነገር አስተውሉ። በከተማችን መጽሐፍ ሲወጣ «ይመረቃል»። ቃሉ የትምህርት ቤት ቃል ነው፤ የቡራኬም ቃል ነው። አዳራሽ ይከራያል፤ ዋሽንት ይነፋል፤ ወዳጆች ተነሥተው ያሞግሳሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ደራሲውን የእገሌ ተተኪ ይለዋል፤ ጭብጨባ ይሆናል። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከምረቃው በፊት የመሰከረው ማን ነው? ቤተ ልሔም ተማሪው መጀመሪያ ያስመሰክራል፤ ኋላ ይመረቃል። እኛ ዘንድ ምስክርነቱ ተዘሎ ምረቃው ብቻ ቀርቷል። ሂስ ሲጻፍ ደግሞ ወይ የሰርግ ቤት ዘፈን ነው፤ ወይ የጎረቤት ጠብ ነው። መጽሐፉን ገልጦ «ይህ ዐረፍተ ነገር ቆሟል፤ ይህኛው ወድቋል፤ ይህን የወሰድከው ከእገሌ ነው፤ ይህን የጨመርከው አንተ ነህ» የሚል እንደ አስነጋሪ የተቀመጠ ሰው ጥቂት ነው። ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል ይባላል። እኔ የምለው፣ ሚዛን በሌለበት ዛፉና እምቧጮውም አይለዩም።

ስብሐትን እንውሰድ። ከእሱ በኋላ የመጡ ስንት ጽሑፎች እሱን መስለዋል! ፒያሳው አለ፤ መጠጥ ቤቱ አለ፤ ያልተሸፈነው ቃል አለ። የሌለው ስብሐትን ስብሐት ያደረገው ነገር ነው፤ ዐረፍተ ነገሩን ማራቆቱ፣ አንድ ትርፍ ቅጽል አለመፍቀዱ፣ በሚጽፈው ሰው ላይ አለመፍረዱ። ይህ ድካም ነው፤ ድካም ደግሞ ከውጭ አይታይም። ኤልሳዕ ከኤልያስ የወደቀውን መጐናጸፊያ ከመሬት አነሣ። ዮርዳኖስ ዳር ቆሞ ውኃውን እስኪመታ ድረስ ግን በእጁ የያዘው ጨርቅ ብቻ ነበር። ብዙዎቹ የእኛ ተተኪዎች መጐናጸፊያውን ለብሰው በከተማ ሲዘዋወሩ ይታያሉ፤ ወንዙ ዳር ግን አልወረዱም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ቲ.ኤስ. ኤልየት በ1919 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጣጥፍ ትውፊት እንደ ርስት የሚወረስ ሳይሆን በብርቱ ድካም የሚገኝ ነው ሲል ተከራክሯል። አሜሪካዊው ሃያሲ ሃሮልድ ብሉም ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ብርቱ ገጣሚ ከቀደመው ገጣሚ ጋር እንደ ልጅና አባት ይታገላል ባይ ነው። የጋይንቱ የድጓ ተማሪ ኤልየትን ሳያነብብ በድካሙ ይስማማበታል። በብሉም ግን ራሱን የሚወዘውዝ ይመስለኛል። ምክንያቱም በእሱ ቤት መምህሩ የነገሩ ባለቤት አይደሉም፤ እሳቸውም ከሌላ የተቀበሉ ምስክር ናቸው። ከምስክር ጋር ማን ይታገላል? ይሰሙታል፤ ያመሳክሩታል፤ በቦታውም ይቆማሉ።

* * *

የአብነት ትምህርቱን ያለ እንከን አድርጌ አላቀረብሁም፤ እንደማይነካ ምሽግም አላየውም። የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ ወንበሩ ይቆምበት የነበረው የቤተ ክርስቲያን መሬትም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መምህሩም ተማሪውም በምእመኑ ቁራሽ ላይ ተንጠለጠሉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ድረስ ዘለቀ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ መንገድ አስዘጋ፤ ተማሪው የሚሻገርበትን አገር የሚፈራ አገር አደረገው። በአፍ የሚተላለፍ ትምህርት መንገድ ሲዘጋ እንደ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። አንድ መምህር ያለ አስነጋሪ ካለፈ የተቋረጠው ሰንሰለት በገንዘብ አይቀጠልም። ስለዚህ «የማን ተማሪ ነህ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያጣበት ቀን ሩቅ ነው ብለን መዘናጋት አይገባንም። የከተማው ሥነ ጽሑፍ ያጣውን ሚዛን ገጠሩም እንዳያጣው ያሠጋል።

ስለ ቤተ ልሔም አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። በ1955 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከንሃም ወደ ጋይንት ተጕዞ ነበር፤ ያየውንም በጉዞ መጽሐፉ ጽፎታል። ከውጭ የታየው በየአገሩ የምናውቀው ዓይነት ክብ፣ የሣር ክዳን ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በክቡ ቤት መካከል ሌላ ቤተ ክርስቲያን አገኘ፤ አራት ማዕዘን፣ በጥሩ ጥርብ ድንጋይ የታነጸ፣ የጥንቱን የአሠራር ጥበብ የያዘ። ኋላ የመጡት ሰዎች አሮጌውን አላፈረሱትም። አስመስለው ሌላ አራት ማዕዘን ከጎኑ አልሠሩም። በዘመናቸው በሚያውቁት አሠራር፣ በክብ ግድግዳና በሣር፣ ዝናም እንዳይመታው ዙሪያውን ከለሉት። በሩቁ የሚያልፍ ሰው የሚያየው የእነሱን ሣር ነው፤ ድንጋዩን አያይም። እነሱም በዚህ የተከፉ አይመስልም።

የእነዚያን ጣሪያ ሠሪዎች ስም አናውቅም። «የማይተካ» አልተባሉም፤ «ማን ይተካቸዋል?» ተብሎም አልተጠየቀ። የተተኪን ሥራ ግን እነሱን ያህል የፈጸመ አላየሁም። እንግዲህ ነገ አንድ ታላቅ ሰው ስንቀብር፣ ይቀራል አይባልምና፣ ጥያቄያችንን ብንለውጠውስ? «ማን ይመስለዋል?» ማለቱን ትተን «ምን ጀምሮ ተወው? የተወውንስ ማን ተምሮታል? መማሩንስ ማን ይመሰክራል?» ብንል። ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ ለእኛ፣ ሂስ እንጽፋለን ለምንለው፣ የቀረበ ነው። ዝም ካልን ለሚቀጥለው ወጣት የምናበረክትለት አንድ ስጦታ ብቻ ይሆናል፤ እሱም የሞተ ሰው ስም ነው።